ምኑ ነው ያሳቃችሁ?

የለንደን ወገኖቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ምዕራብ ለንደን ብሬንትፎርድ ላይ የሳቃችሁት ሳቅ አልወጣልኝም።

የድንጋዩ ሐውልት ጋ ቆመን ስለ 1642ቱ ውጊያ ንገረን አላችሁኝ። ነገርኳችሁ። የእንግሊዝ ፓርላማና ንጉሥ ቻርልስ ሲጣሉ ዴንዚል ሆልስ የሚባል የምክር ቤት አባል ለፓርላማው ወገን እዚሁ ለንደን የእግረኛ ሬጅመንት አቋቋመ። ወታደሮቹን ቀይ ኮት አለበሳቸው። ሥጋ ሻጭ፣ ጨርቅ አቅላሚ፣ ገና ሙያ የሚማር ጎረምሳ ነበሩ። ሰመር ላይ ተመለመሉ። ኦክቶበር 23 ኤጅሂል በሚባል ቦታ በተደረገው ውጊያ የገዛ ወገናቸው ፈረሰኛ ሲሸሽ በመሃላቸው ሰንጥቆ አለፈ። እነሱ ግን ተዋጉ።

ኖቬምበር 12 ጭጋግ ነበር። የእርቅ ወሬ እየተወራ የንጉሡ የእህት ልጅ ሩፐርት ከንጉሡ ጦር ጋር ብሬንትፎርድ ላይ ደረሰባቸው። የቻሉትን ያህል ተከላከሉ። ከኋላቸው ቴምስ ነበር። ዘለው ገቡ፣ ብዙዎቹ ሰመጡ። ከተማዋም ተዘረፈች።

አንዱ "ቀይ ኮቱን ሳያወልቁ?" ብሎ ሳቀ። ሌላው ቀጠለና "የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ። ሀገር ቤት ተኩስ ሲሰማ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። እኛ እዚህ ሙቅ ቤት ቁጭ ብለን "ድል!" እንላለን። የማን ልጅ እንደሞተ ማንም አይጠይቅም። አያሳፍርም?

ግን እኔስ? እንደ ኳስ ጨዋታ እጄን እያወናጨፍኩ ነበር የተረክሁት። ጎል የገባ ይመስል ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እንድትስቁ ያመቻቸሁት እኔ ነኝ።

ዝናቡ መጣና የቀረውን ሳልነግራችሁ ተበተንን። ከብሬንትፎርዱ ውጊያ ማግስት ከፓርላማው ወገን 24,000 ያህል ሰው እዚያው አጠገብ ተርንሃም ግሪን ላይ ተሰልፎ ንጉሡን መለሰ። ሆልስ ብሬንትፎርድ ላይ ከወታደሮቹ ጋር አልነበረም። ብዙ ሳይቆይ ሰላም ይሻላል ከሚሉት ወገን ሆነ፣ መጥፎ ነገርም አላለም። በ1661 የንጉሡ ልጅ ባሮን የሚባል የመኳንንት ማዕረግ ሰጠው። እሱ ታረቀ። ቴምስ ውስጥ የቀሩት ከማን ጋር ይታረቁ?

አንዲት እናት ብቻ አልሳቁም። "እናቶቻቸው ሬሳ አገኙ?" አሉኝ ቀስ ብለው። ጫማዬን አየሁ።

የሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሐውልቱ ጋ አልቆምም፣ ወንዙ ዳር ነው የምሆነው። ትመጡ እንደሆነ አላውቅም። እኚያ እናት ግን ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።