ትዳራችንን የሚያስተዳድረው የፈረቃ ሰሌዳ ነው

የማዕድን ሠራተኛ አግብቼ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ «ቻዪው» እንደሚለው ምክር ያሰለቸኝ ነገር የለም። ከባለቤቴ ጋር በተጣላን ቁጥር የሚመጣው አስታራቂ የእሱን ጠባይና የእኔን ምላስ ይመረምራል እንጂ፣ ጠቡን በየሳምንቱ የሚጠነስስልንን የፈረቃ ሰሌዳ አንድም ቀን ጠርቶ የጠየቀው የለም።

እሱ ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ እኔ ልጆቹን ለትምህርት ቤት አዘጋጃለሁ። እሱ ሲተኛ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት፤ ትንሹ ልጃችን ደግሞ ጸጥ በል ሲባል ይብስበታል። ከዚያ ቁጣ፣ ከቁጣው ኩርፊያ ይከተላል፤ ኩርፊያው ሳይበርድም ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ሌላ ሰው ተኳርፎ ሥራ ቢሄድ ማታ ይታረቃል፤ እኔ ግን እያኮረፍሁም ጆሮዬ ከአደጋ ጊዜ ደወሉ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1906 ፈረንሳይ ውስጥ በኩሪዬር የከሰል ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 1,099 ሰዎች ሲያልቁ፣ ሞተዋል ከተባሉት መካከል 13ቱ ከ20 ቀናት በኋላ በሕይወት ወጥተዋል፤ የእኛ ነገር እንዲህ ነው፣ ተስፋ መቁረጥ እንኳ በቅጡ አይፈቀድልንም።

ቱታውን የማጥበውም እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ውኃ ጭቃ ሆኖ ይደፋል፣ ሦስተኛውም ገና ግራጫ ነው፤ ሳንባ የሚያጠቃው፣ ሲሊካ የሚሉት የድንጋይ ብናኝ ደግሞ ልብሱን ገና ሳራግፈው ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ክፍል ይበተናል። ይህን ብናገር «ሥራውን ናቀችበት» ተብሎ ሌላ ጠብ ይነሣል። በቢሮው ግድግዳ ላይ «አንድ ቤተሰብ ነን» ብሎ የለጠፈው አሠሪ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ማዘጋጀት አቅቶታል!

የምንኖርበት ቤትም የአሠሪው ስለሆነ ሥራው ሲቀር ቤቱም ይለቀቃል። ስለዚህ ባለቤቴ ከአለቃው ጋር ሲጣላ እኔ የምለምነው ታግሦ እንዲያድር ነው፤ ትዳሩ ቢመረኝና ልለይ ብል ደግሞ ልጆቼን ይዤ የምወጣው ወደ ጎዳና ነው። አብረን ያለነው በፍቅር ይሁን በቤቱ ቁልፍ፣ ሁለታችንም ለይተን መናገር የማንችልባቸው ወራት አሉ፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል ዝምታው የሚረዝመው።

በደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ሚስቶቻቸውን በገጠር ትተው፣ በማዕድኑ አጠገብ በተሠሩ የወንዶች ብቻ ማደሪያዎች ተፋፍገው እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። በዚያ ሳቢያ የፈረሰው ትዳር ሁሉ የጠባይ ጉድለት ነበርን? አሠሪ የሰውን አዳር ሲወስን ትዳሩንም አብሮ እየወሰነ መሆኑን ለመረዳት ይህን ያህል ምሁር መሆን አያስፈልግም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወሩ ሰሌዳ ወሩ ሳይገባ ይለጠፍ፤ ቱታውም እዚያው ይታጠብ። አስታራቂዎቻችንም ስትመጡ እባካችሁ ጠዋት አትምጡ፤ በዚያ ሰዓት ከፈረቃ ገብቶ ገና መተኛቱ ነው።