ትርጉሙ ይቆይ፣ ድምፁ ይቅደም

በስኮትላንድ ደጋማ አገርና ደሴቶች የየአጥቢያቸውን የጌሊክ (የአገሩ ነባር ቋንቋ) ቦታ ስሞች የሚመዘግቡ የመንደር ሰዎች አሉ። ሥራው ያስመሰግናል፤ አካሄዱ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ካርታ ዘርግተው ከአንድ ሽማግሌ ፊት ይቀመጡና «ይህ ስም ምን ማለት ነው?» ብለው ይጀምራሉ። እንግዳን በባዶ እጁ መመለስ ያሳፍራልና ሽማግሌው የመሰላቸውን ይናገራሉ። ግምታቸውም ውሎ አድሮ በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

ትርጉም መቆየት ይችላል፤ ከአሮጌ ሰነድ ተፈልጎም ይገኛል። ድምፅ ግን ከሰው ጋር ይቀበራል። ዲሳይድ በተባለው የስኮትላንድ አካባቢ ጌሊክ አፋቸውን የፈቱበት የመጨረሻዋ ተናጋሪ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ካርታውን አጥፎ፣ ሽማግሌውን ይዞ ወጥቶ፣ በጣት እያሳዩ «ያንን ጅረት ምን ይሉታል?» ማለት ይሻላል። ከካርታ ካነበብንላቸው መልሰው የሚነግሩን ካርታውን ነው። ካርታው ደግሞ አድሏዊ ምስክር ነው። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የካርታ መሥሪያ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሞችን የጻፈባቸው መዛግብት አሉ፤ ለአጻጻፉ ማን እንደመሰከረ የሚያሳይ ዓምድም አላቸው። ያን ዓምድ ማየት ነው፦ ባለርስቱ፣ ቄሱና መምህሩ ይደጋገማሉ፤ ከብት ጠባቂው እምብዛም የለም።

ስሙን ለብቻው ሦስት ጊዜ ማስባል፣ ከዚያም በዐረፍተ ነገር ውስጥ፤ ምክንያቱም በጌሊክ የቃሉ መነሻና መድረሻ እንደ አገባቡ ይቀያየራል። ከቤን ኔቪስ ተራራ ሥር የሚወርደው ጅረት «አልት አ ቩሊኝ»፣ የወፍጮው ጅረት ይባላል። ወፍጮ «ሙለን» ነው፤ «የወፍጮው» ሲሆን ግን ሙ ቩ ይሆናል፣ ን ደግሞ ኝ። በሰማው ድምፅ «ቩ» ብሎ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ምንም አያገኝም። (ይህን ኝ እንግሊዞች በሁለት ፊደል ይታገሉታል፤ እኛ አንድ ፊደል ይበቃናል። ግን አንኩራ፤ መጥበቅና መላላትን በማያሳይ ፊደል የጻፍናቸው የራሳችን ቦታዎችም መቅረጫ ይፈልጋሉ።)

የድምፅ ቅጂው ያልታመቀ ዌቭ (WAV) ፋይል ይሁን፣ 48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት። ማይክሮፎኑ ጸጉራም የነፋስ መከላከያ ካልለበሰ ከኮረብታ የሚገኘው ሹሹታ ብቻ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተናጋሪው መንደርና ፈቃዳቸው በቅጂው መጀመሪያ ላይ ይሰማ። ቦታው በጂፒኤስ ይለካ፤ ጅረት ከሆነ ስሙ ከየት እስከ የት እንደሚዘልቅ ይጠየቅ፣ በመንገዱ ስም የሚለውጥ አለና። አንዱን ኮረብታ ግራና ቀኙ ያሉ መንደሮች በሁለት ስም ከጠሩት ሁለቱም ይጻፉ፤ ዳኝነት የመዝጋቢው ሥራ አይደለም።

ትርጉም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እዚህም ወጥመድ አለ። «ጎሮም» ሰማያዊ ተብሎ ይተረጎማል፣ ግን የሣር ልምላሜንም ይጠራል። እንግሊዝኛው ኬርንጎርምስ የሚለው የተራራ ሰንሰለት ስሙን ያገኘው ከአንዱ ተራራ፣ ከ«ሰማያዊው ካብ» ነው። የሰንሰለቱ የጌሊክ ስም ግን ቀዮቹ ተራሮች ነው፣ ከስፔይ ወንዝ ማዶ ካሉት ግራጫዎቹ ተራሮች ለመለየት። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ቀዩን ሰማያዊ ብሎ ይመዘግባል።

በሉዊስ ደሴት ደግሞ ስሙ በጌሊክ አፍ ቢነገርም ቃሉ ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ላክስዴል የተባለው መንደር፣ በጌሊክ ላካስዳል፣ በቫይኪንጎቹ ቋንቋ የሳልሞን ዓሣ ወንዝ ሸለቆ ማለት ነው። በጌሊክ «ላኽ» የዱር ዳክዬ ስለሆነ፣ በጌሊክ ብቻ የሚፈታው ሰው ከዓሣው ዳክዬ ያወጣል።

የትርጉሙ ዓምድ ሦስት ደረጃ ይበቃዋል፦ የተረጋገጠ፣ የሚመስል፣ ያልታወቀ። «ያልታወቀ» የሚለው ግማሽ ገጽ ቢሞላም ነውር የለውም፤ ሰሌዳ የሚያሠራው ኮሚቴ ግን ይህን ዓምድ አይወደውም።