አሽትት፣ አሽከርክር፣ ትፋ

ጓደኛዬ ፈረንሳይ ሦስት ወር ቆይቶ ሲመለስ አዲስ አፍንጫ ይዞ መጣ። ድሮ አብረን ጉደር በኮካ የጠጣን ልጅ ነው። አሁን ብርጭቆውን በቀጭኑ እግሩ ይይዝና ወደ መብራቱ አንስቶ "እንባው ይታይሃል?" ይለኛል። ወይኑ የብርጭቆውን ግድግዳ ይዞ ቀስ ብሎ ሲወርድ እንባ ይባላል አሉ። ማን ሞቶበት ልል ነበር፣ ተውኩት።

ስለ ኮካው ግን አንድ ነገር ልበል። ሰው ሲያፍርበት አያለሁ። ምን ያሳፍራል? ስፔን ያሉ ባስኮች ቀይ ወይንና ኮካ እኩል ለእኩል ቀላቅለው በየበዓላቸው ይጠጣሉ። ካሊሞቾ ይሉታል። እነሱ ስም አወጡለት፣ እኛ ጠረጴዛ ስር ደበቅነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቅዳሜ ማታ "የወይን ቅምሻ አለ፣ አንዳንድ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ" ብሎ ጠራን። አክስቴ ከጎንደር ለሕክምና መጥተው እኔ ጋ አርፈዋል። ብቻቸውን ጥዬ መውጣቱ ስለከበደኝ ይዣቸው ሄድኩ። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ የጠመቁ፣ ጠጅ የጣሉ ሴት ናቸው። ደግሞም ወይን ለልብ ጥሩ ነው ሲባል ሰምተዋል።

ችግሩ የጀመረው ቡሹ ሳይነቀል ነው። ጠረጴዛው መሃል አንድ ባልዲ ተቀምጧል።

"ይሄ ለምንድን ነው የኔ ልጅ?"

"መትፊያ ነው እማማ። ወይን ቀማሽ ይቀምስና ይተፋል። አለበለዚያ ይሰክራል።"

"የሰው ቤት መጥቼ፣ ቀድተህ የሰጠኸኝን፣ እፊትህ ልተፋው?"

"ይሄ እኮ ሙያ ነው።"

"ጠላትህ ይትፋ!"

እውነት ለመናገር ምክንያቱ ለእኔ ገብቶኛል። በቀን ሃምሳ ወይን የሚቀምስ ሰው ቢውጠው ሃምሳኛውን ከመጀመሪያው አይለይም። ነገር ግን እኔ ያደግሁት "በቃኝ" ያለ እንግዳ "በሞቴ!" እየተባለ በግድ በሚቀዳለት ቤት ነው። አንዱ ሞቱን ምሎ የቀዳልህን እንዴት ባልዲ ውስጥ ትጨምራለህ? በእኛ ወግ መቅመስ የቀጂው ሥራ ነው። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይጠጣል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። እንግዳው ዝም ብሎ መጠጣት ነው። አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ ቢከት ቀጂውን ጠረጠረው ማለት ነው። ጓደኛዬ ደግሞ አፍንጫውን እስከ ቅንድቡ ይከታል።

ጠርሙሶቹን ሁሉ ካልሲ አልብሷቸዋል። የታጠበ ነው ብሏል። ስሙን ሳታይ ካልቀመስክ ምላስህ ይዋሻል አለን፤ የፓሪሱንም ታሪክ ነገረን። በ1976 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ስም ደብቆ ለፈረንሳውያን ዳኞች አቀረበ። በነጩም በቀዩም ካሊፎርኒያ አንደኛ ወጣች። ከዳኞቹ አንዷ "የሰጠሁትን ነጥብ መልሱልኝ" ብላለች ይባላል።

"እሰይ፣ ላገሯ ተቆርቋሪ ናት" አሉ አክስቴ።

የመጀመሪያው ነጭ ነበር። አሸተትኩ። ላምባ! በልጅነቴ ያጠናሁበት ኩራዝ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጠርሙሱን የሸጠው ሰው ቀድሞ ምን ይዞበት ነበር ብዬ ተጨነቅኩ፣ ግን ማን ይናገር። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ "ፔትሮል... ድንቅ!" አለ። ካልሲው ሲወልቅ የጀርመን ሪስሊንግ ነው፣ ከሞዝል ሸለቆ። ይሄ ወይን ዕድሜ ሲጠግብ እውነትም ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፤ ወዳጆቹም ለዚያ ብለው ይፈልጉታል። እኛ ቤት ላምባ የነካው እንጀራ ይጣላል። እነሱ ጋ ዋጋ ይጨምራል።

ሁለተኛው የግሪክ ሬትሲና ነበር። አክስቴ አሸተቱና አማተቡ። ዕጣን የገባበት መስሏቸው ነው፣ ብዙም አልተሳሳቱም። የጥድ ሙጫ አለበት። የጥንት ግሪኮች ወይኑ አየር እንዳያገኘው የእንስራውን አፍ በሙጫ ያሽጉ ነበር። ዛሬ እንስራው ቀርቷል፣ ጠርሙስ መጥቷል፣ ሙጫውን ግን ለምደውት አሁንም ይጨምሩበታል። አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ በኋላ ቅዳሴ ያስቀደስኩ ያህል ተሰማኝ። ሁለተኛ አልደገምኩም።

ሦስተኛው ሲቀዳ አክስቴ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ቀለሙ የጠጅ ነው። የጆርጂያ ወይን ነው፤ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ሳትሆን የካውካሰሷ። እዚያ ወይኑን ከነቆዳውና ከነፍሬው ክቬቭሪ በሚሉት የሸክላ ጋን ውስጥ ይጨምሩታል። ጋኑ ደግሞ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦላቸዋል። አርኪዮሎጂስቶችም 8 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ዝቃጭ በሸክላ ስብርባሪ ላይ እዚያው አግኝተዋል።

ይሄን ሁሉ ስተረጉምላቸው አክስቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦

"ጋኑን በምን ያጥቡታል?"

ጓደኛዬ ዝም አለ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ አፍንጫ ሲማር ስለ እጥበት ያነሳበት የለም። አክስቴ ግን ያልታጠበ ጋን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። በግራዋ ፈትጎ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ ካልሆነ ጠላ እንደማይጠመቅ ግማሽ ሰዓት አስረዱን። አንዷ ጓደኛችን በስልኳ ማስታወሻ ያዘች። ጆርጂያኖች ገበታ ላይ ታማዳ የሚባል ሰው ይሾማሉ፤ እሱ ንግግር አድርጎ ሳይመርቅ ጽዋ አይነሳም። እኛ ቤት ያንን ሥራ ማን እንደያዘው ግልጽ ነበር።

የደቡብ አፍሪካው ፒኖታዥ ጭስ ጭስ አለኝ። አክስቴ "ወይራው በዝቶበታል" ብለው አለፉት።

ከዚያ የፈረንሳዩ ቦርዶ መጣ። ጓደኛዬ ከመቀመጫው ተነሳ። እንዳልበሰለ ሙዝ ምላሴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። እሱ ግን "ቆዳ... ትምባሆ... የእርሳስ ፍቅፋቂ" እያለ ይቆጥራል።

"የምን ቆዳ? የበግ ነው የፍየል?"

መልስ የለም። እዚህ ጋ እኔም ያነበብኩትን ጣል አደረግኩ። በዚያችው ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬደሪክ ብሮሼ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ነጭ ወይን ጣዕም በሌለው ቀለም ቀይ አድርጎ ለ54 የወይን ጥናት ተማሪዎች አቀረበ። ጥናቱ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ተማሪዎቹ ያንኑ ነጭ ወይን ለቀይ ወይን በሚባሉት ቃላት ገለጹት። ጓደኛዬ ደስ አላለውም። "እነሱ ተማሪዎች ናቸው" አለ።

እኔ የማውቀው ትልቁ ወይን ቀማሽ የቃና ዘገሊላው አሳዳሪ ነው። አላሽከረከረም፣ አልተፋም። ቀመሰና ሙሽራውን ጠርቶ፣ ሰው ጥሩውን አስቀድሞ መናኛውን ኋላ ያመጣል፣ አንተ ግን ጥሩውን አቆየህ አለው። አበቃ። ቆዳም ትምባሆም አላነሳም።

የእኛ ጋባዥ ግን እንደ ሰው ሁሉ ነው ያደረገው። የመጨረሻው ጠርሙስ ቡሽ ደርቆ ተፈርፍሮ ወጣ። ጓደኛዬ ቀመሰ። ረጅም ዝምታ። "ሕያው አሲድነት አለው። ያረጀ ነው። የሚናገር ወይን ነው።" ሁላችንም ብርጭቋችንን አንስተን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ጉሮሮዬ ተቃጥሏል፣ ግን ነቀነቅኩ።

አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባልዲው አዩ። አልተፉም፣ ዋጡት።

"አቼቶ ነው" አሉ። "ሰላጣ አለህ?"

ካልሲው ወለቀ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ "መልካም ጋብቻ" ተጽፏል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለአንዱ ጓደኛችን ሠርግ የሰጠሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ቡፌ ላይ ከፔርሙስና ከሠርግ ፎቶ አጠገብ ቆሞ እንደኖረ፣ በስንት ልደትና በስንት ቤት ምርቃት እጅ እንደቀየረ እግዜር ይወቀው። ይዞት የመጣው ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጓደኛዬ ካልሲውን በጥንቃቄ ያጥፋል።

ከኩሽና በኩል የመክተፊያ ድምፅ ተሰማ።

"ቃሪያ የት ነው የምታስቀምጠው የኔ ልጅ?"