ጫፉ ላይ ተቀመጡ

ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ናት። እኔ ደግሞ የፎቶ አንሺ ባል ነኝ። ይሄ ሥራ ነው ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ያውም የሙሉ ቀን። መብራት እሸከማለሁ። መጋረጃ እሰቅላለሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ፊት ቆሜ እንደ ዶሮ እጮሃለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ አሮጌ ዕቃ አድሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወንበር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ከቤት አውጥተው በራቸው ላይ ጣሉት። የክንድ መደገፊያ አለው፤ ጀርባው ላይ አበባ ተፈልፍሎበታል፤ አንድ እግሩ ያነክሳል። ባለቤቴ በመስኮት አየችውና ዓይኗ በራ። እንዲያ ሲበራ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት የተጋባን ዕለት ነው። ያኔም ለእኔ ይሁን ለአዳራሹ መብራት አላጣራሁም። "ይሄማ ፎቶ ላይ ጉድ ይሠራል!" አለች። ሲመሽ ወጥቼ አመጣሁት። የተጣለ ዕቃ ነውና ሌባ አይደለሁም፤ አረማመዴ ግን የሌባ ነበር።

የሰው ነገር ይገርመኛል። ቤቱ ያለውን አሮጌ ወንበር "እንግዳ ፊት ያሳፍራል" ብሎ ይጥላል። ከዚያ ከፍሎ ስቱዲዮ ይመጣና፣ የማያውቃቸው ሰው አያት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከነገሥታት የተወለደ ይመስል አገጩን ያነሳል።

በሽታው የዛሬ አይደለም። ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ወደ ሰከንዶች ከወረደም በኋላ የተነቃነቀ ሰው ጉም ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወንበር ያኔ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ነበረው። ክንድ ያስደግፋል፣ ወገብ ይይዛል። ከኋላ ደግሞ ካሜራ የማያየው ብረት ቆሞ ማጅራትን ቀጥ ያደርጋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ፎቶ ላይ ለምን ኮስተር አሉ ይባላል። እስቲ አንተን ማጅራትህን ብረት ይዞህ "ፈገግ በል" ይበሉህ! በ1854 ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ዲስዴሪ በአንድ መስታወት ላይ በርካታ ትንንሽ ምስሎች የማንሳት ዘዴውን በስሙ አስመዘገበና ፎቶ ረከሰ። ያን ጊዜ ሁሉም እንደ መኳንንት መታየት አማረው። ስቱዲዮዎችም የውሸት የቤተ መንግሥት ዓምድ ያቆሙለት ጀመር። ዓምዱ የሚቆመው ምንጣፍ ላይ ነው! በዘመኑም ያሾፉበት ነበሩ፤ ደንበኛው ግን አልሰማም።

ወደ ወንበሬ ልመለስ። ማደስ የሁለት ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ቀለሙን መፋቅ ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ የሚጻፍበትን ሳይሆን መርዙን ማለቴ ነው። አሜሪካ ከቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ይሄ ወንበር ደግሞ ከዚያ በፊት የተወለደ ይመስላል። ስለዚህ በደረቁ አይፋቅም። አፍና አፍንጫ ሸፍኖ፣ እያራሱ ነው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ይቀጥላል፤ መጀመሪያ 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ 220። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል። የሰውም ዕድሜ እንዲሁ ቢሆን! የሚያነክሰውን እግር ነቅዬ፣ አሮጌውን ኮላ ፍቄ፣ በአዲስ ኮላ አጣብቄ አንድ ቀን ሙሉ አስሬ አቆየሁት። የመቀመጫው ሞላ በቀኝ በኩል ተሰብሮ ወደ ላይ ይወጋ ነበር፤ ቀየርኩት። ስፖንጅም ጨርቅም ለወጥኩ። በአበባዎቹ መሃል የገባውን እድፍ ያወጣሁት በጥርስ ብሩሽ ነው። ብሩሹ የማን እንደነበር ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም። መጨረሻ ላይ ፊቴን እስካይበት ድረስ ቫርኒሽ ቀባሁት።

ባለቤቴ መጥታ አየችውና "አበላሸኸው" አለች።

ለካ ፍላሽ ሲበራ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ደግሞም "አዲስ መሰለ" አለች። ሦስት ሳምንት የለፋሁት ለምን ነበር ታዲያ? እሷ የምትፈልገው ታድሶ ያልታደሰ የሚመስል ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አደበዘዝኩት። የማያብለጨልጭ ቀባሁበት። ጠርዝ ጠርዙን ሆን ብዬ ላጥኩት። አናጺ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ምሕረት ለመነልኝ።

የመጀመሪያው ደንበኛ መጣ። እኔም እንደ ወላድ እናት ጥግ ይዤ ቆምኩ።

"ጫፉ ላይ ይቀመጡ፣ አይደገፉ" አለችው ባለቤቴ።

ሰው ተደግፎ ሲሰምጥ ትከሻው ይወድቃል፣ ሆዱ ይወጣል፣ አገጩ ሁለት ይሆናል። ጫፍ ላይ ሲሆን ግን ወገቡ ይቃናል። ገባኝ። ያ ሁሉ ሞላና ስፖንጅ ለማን ነበር ታዲያ? የጀርባውን አበባ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ጋረደው። ከጋረደው የተረፈውን ሌንሱ ጨረሰው። 85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳው በሰፊው፣ እስከ 1.8 ተከፍቶ፣ ከቅርብ ዓይን ላይ ፎከስ ሲደረግበት ጆሮ እንኳ በጥራት መውጣቱ ያጠራጥራል። በጥርስ ብሩሽ ያጸዳሁት አበባ ቡናማ ጉም ሆነ። "ያምራል አይደል?" አለችኝ። "ምኑ?" አልኳት። ደንበኛውም ፎቶው ስልኩ ላይ ሲገባለት በሁለት ጣት ያሰፋው ፊቱን ብቻ ነው። ወንበሩን ያሰፋ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ራሳቸው መጡ። ልጃቸው "አንድ ደህና ፎቶ ይኑርሽ" ብላ ይዛቸው ነው። እኔ መብራቱ ኋላ ተደበቅሁ። እሳቸው ወንበሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"እንዲህ ያለ ዕቃ ድሮ ቀረ። ከሩቅ ነው ያስመጣችሁት?"

"ብዙም አይርቅም" አልኩ።

ባለቤቴ "ጫፉ ላይ..." ስትል እሳቸው እስከ ጥጉ ገብተው ተደግፈዋል፤ ያውም ወደ ግራ አዘንብለው። "እትዬ፣ ወደ መሃል" አለቻቸው። መጡ። መብራቱን እስካስተካክል ተመልሰው ግራ ጥግ ናቸው። መሃል አድርገናቸው፣ እንደገና ግራ። ሦስተኛው ላይ ባለቤቴ ተስፋ ቆርጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና እንዳሉ አነሳቻቸው። ዘንድሮ ካነሳቻቸው ሁሉ ያማረው ያ ነው። አበባው እንኳ ይታያል።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። "እኛም ቤት ይሄን የሚመስል ነበረን" አሉኝ። "የእኛው ግን አይመችም ነበር።"

ዛሬ ጠዋት በራቸው ላይ የአልጋ ራስጌ ቆሟል። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ናት።