ዘቢብ ነው አልኩ

እናቴ ቆንጥጣ ካስተማረችኝ ነገሮች አንዱ የቀረበልህን አታሽት የሚለው ነው። ሰው ቤት ተሄዶ ምግብ አይሸተትም። መጠጥማ ጭራሽ። መጠርጠር ካለም ጠርጣሪው አሳላፊው ራሱ ነው፤ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስና ይቀዳልሃል። ከዚያ በኋላ አፍንጫውን ብርሌ ውስጥ የሚከት ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው።

40 ዓመቴን ስደፍን ባለቤቴ ያበረከተችልኝ ስጦታ ታዲያ ተከፍሎበት ማሽተት ሆነ። ከለንደን በባቡር አበርዲን፣ ከአበርዲን ኤልጊን፣ ከዚያ በታክሲ ስኮትላንድ ውስጥ ስፔይ ወንዝ አካባቢ ወዳለ አንድ ውስኪ ፋብሪካ። እዚያ አገር ውስኪ ፋብሪካ እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአንዱን ደጅ ሳትጨርስ የሌላው ጣሪያ ይታይሃል።

ቀማሾቹ ስምንት ነን። ጀርመናውያን ባልና ሚስት፣ ደብተር የያዘ ባለጺም የሊድስ ሰው፣ ሌሎችም። በየፊታችን ሦስት ሦስት ብርጭቆ ተደርድሯል። ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ነው፤ የብርሌ የእህት ልጅ በሉት። ግን አይሞላም። አስጎብኚያችን የቀዳችልን ስኒ ሥር የሚቀር የቡና አተላ የሚያህል ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ የቀዳ ሰው ስሙ ለሰባት ዓመት ይነሳል።

ሲንግል ሞልት ማለት፣ አለች ልጅቷ፣ ብቅሉ የገብስ ብቻ፣ ፋብሪካውም አንድ ብቻ ማለት ነው። በመዳብ ጋን ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይወጣል። ሁለቴ ስትል ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። ዳግም! ያገሬ ዳግም አረቄ! ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ አረቄ በወጣ ማግስት ገበያ ይሄዳል። የነሱ ኦክ በርሜል ውስጥ ይተኛል። ሕጉ ቢያንስ 3 ዓመት ይላል፤ ፊታችን የቀረበው 12 ዓመት ተኝቷል። ልጅቷ ስለ እሱ ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። በአማርኛ ቢሆን «አንቱ» ትለው ነበር። እኔ ቤት ያለው የ11 ዓመት ልጅ እንኳን አንቱ ሊባል አንተ ሲሉትም አይሰማ።

በተኛበት በየዓመቱ 2 ከመቶ ያህሉ በእንጨቱ በኩል ይተናል። የመላእክት ድርሻ ይሉታል። እኛም ቤት ቡፌው ውስጥ ያለው ጠርሙስ ማንም ሳይነካው ይጎድላል። የኛው መልአክ ግን ማንነቱ ይታወቃል። አማቼ ነው።

በርሜሉ ደግሞ ተራ በርሜል አይደለም፤ ሼሪ የነበረበት ነው። ሼሪ ከደቡብ ስፔን፣ ከኼሬዝ አካባቢ የሚመጣ ጠንከር ያለ ወይን ነው። ድሮ በበርሜል እየተጫነ ብሪታንያ ይገባል፣ ይጠጣል፣ በርሜሉ ባዶውን ይቀራል። ስኮቶች ዕቃ መጣል አይሆንላቸውም፤ ውስኪያቸውን ገለበጡበት። እናቶቻችን የዘይቱን ጀሪካን እንደማይጥሉት ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ግን ሼሪን በበርሜል መላክ ቀረና እዚያው ስፔን በጠርሙስ ይታሸግ ጀመር። ዘይቱ አለ፣ ጀሪካኑ ጠፋ።

ምን ተደረገ? ዛሬ በርሜሉ ለውስኪው ሲባል ይሠራል። ስፔን ውስጥ ሼሪ ይሞላበታል፣ አንድ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፣ ከዚያ ሼሪው ይገለበጥና በርሜሉ ወደ ስኮትላንድ ይጫናል። ሼሪውስ? አብዛኛው ወይ ኮምጣጤ ይሆናል ወይ ተፈልቶ እንደ አረቄ ይወጣል። ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲሸከም ከርሞ ሠርጉ ላይ ሳይጠራ የቀረ ዘመድ መጣብኝ። ለሼሪው አዘንኩለት።

«አሁን አሽቱ» አለች ልጅቷ።

እማዬ ይቅር በይኝ ብዬ አፍንጫዬን አስገባሁ።

ክብሪት።

ጧት ከሰል ሊቀጣጠል ሲል ጫር ተደርጎ ጭስ የሚለው፣ አፍንጫ ሥር የሚቆነጥጠው፣ እሱ ራሱ። ቀና አልኩ። ዙሪያዬን አየሁ። እንደገና አሸተትኩ። ክብሪት።

«ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም። የሸተታችሁን ብቻ ተናገሩ» አለች። ይህቺን አነጋገር አውቃታለሁ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰምቻታለሁ። ሥራውን ግን አላገኘሁም።

ጀርመናዊው «ዘቢብ» አለ። ሚስቱ «የብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድም አለ» አለች። ባለጺሙ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ሄዶ የቀረ መሰለኝ። ተመልሶ ሲመጣ «የአያቴ የገና ኬክ» አለ። «ከምድጃ በወጣ በሁለተኛው ቀን።» በሁለተኛው ቀን! በመጀመሪያው ቀንማ ማንም ያውቀዋል።

ተራው ደረሰኝ። ሰባት ፊት ወደ እኔ ዞረ። ክብሪት ልል አፌን ከፈትኩ፤ «ዘቢብ» የሚል ወጣ።

«ግሩም!» አለች ልጅቷ። ጀርመናዊው የወንዝ ልጁን ያገኘ ያህል ፈገግ አለልኝ።

ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ደፈር አልኩ። እሱን ውሃ አስነክተን ነው የቀመስነው፤ ውሃው የሚንጠባጠበው እንደ ዓይን መድኃኒት ነው። ቀመስኩና «በወይራ የታጠነ ጋን» አልኩ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ማብራራት ግድ ሆነ። ጠላ ከመጠንሰሱ በፊት ጋኑ እንዴት ታጥቦ እንደሚታጠን፣ ወይራው እንዴት እንደሚጨስ፣ ጥንጁት የሚጨምር እንዳለ፣ ጠላው ሽታውን እንዴት ይዞ እንደሚወጣ ተናገርኩ። ዕቃው መጠጡን እንደሚያጣፍጠው እኛ ጋ ማንም ሴት ወይዘሮ ታውቃለች፤ በርሜል አልነበረንም እንጂ።

ባለጺሙ አፍንጫውን አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «ጋኑ አለ።»

ጀርመናዊቷም «በተለይ ከተዋጠ በኋላ» አለች።

ሊድስ ውስጥ ስንት ጋን እንዳየ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ቀድሞኝ «ጋን» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝና ደብተሩ ላይ አሰፈረው። በነገራችን ላይ ለእኔ ራሴ ወይራ አልሸተተኝም ነበር። አገሬ ናፍቆኝ ነው።

ልትሸኘን ስትል ልጅቷ አንድ ወሬ ጨመረች። በፈረንጆቹ 2023 ለንደን ውስጥ አንድ ጠርሙስ የ1926 ማካላን የተባለ ውስኪ በሐራጅ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ሼሪ በርሜል ውስጥ 60 ዓመት ኖሮ በ1986 የታሸገ ነው፤ ከዚያ በርሜል የወጣው 40 ጠርሙስ ብቻ ነው። ሁሉም ስለ ገንዘቡ አፉን ያዘ። እኔ ያሰብኩት ስለ ገዢው ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ከፍቶት ክብሪት ቢሸተው ለማን ይናገራል? ለሚስቱ?

እኔም አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ባለቤቴ ይህን ልታነበው ስለምትችል ዋጋውን እዚህ አልጽፍም።

ባቡር ውስጥ ስልኬን አወጣሁ። ለካ ባዶው የሼሪ በርሜል እንዳይበላሽ ውስጡ ድኝ ይጨስበት ኖሯል። ያ ሰዶምና ገሞራ ላይ የዘነበው ድኝ። ሽታው እንጨቱ ውስጥ ይቀርና አንዳንዱ ውስኪ ክብሪት ክብሪት እያለ ይወጣል። ዋና ዋናዎቹ ቀማሾች ሳይቀሩ ይነታረኩበታል፤ ነውር ነው የሚል አለ፣ ወዝ ነው የሚል አለ። እስከ ለንደን ድረስ ተናደድኩ።

ቅዳሜ መልአኩ መጣ። ጠርሙሱን እንደተለመደው በሌለሁበት እንዳያገኘው ራሴው ቀዳሁለት። ስለ ኼሬዝ ነገርኩት፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ 12 ዓመቱ። እሱ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳይነቅል ታግሦ ሰማኝ። ሊያነሳው ሲል እጁን ያዝኩት።

«መጀመሪያ ይሸተታል።»

«ምን?»

«አሽተው።»

የእሱም እናት እንደ እኔዋ ናት። ሰው እንዳያየው በሩን ገልመጥ አድርጎ አሸተተ።

«ምን ሸተተህ?»

«ክብሪት» አለ፣ ምንም ሳያቅማማ።

«የለም፣ ዘቢብ ነው» አልኩ።

አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ብርጭቆው አየ። እንደገና አሸተተ።

«እንግዲያው ዘቢቡን አቃጥለውታል» አለና ኮካውን ሊያመጣ ወደ ፍሪጁ ሄደ።