«ዛሬ አንበርም» ያለ አብራሪ ይከበር

ትንሽ አውሮፕላን ተራራ ላይ ተከሰከሰ በተባለ ቁጥር ምክንያቱ ለደመናው ይሰጥና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እኔ ይህን አልቀበልም። ደመናው መንገደኛ አላሳፈረም። ወደዚያ ደመና ለመግባት የወሰነ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜም «ሰው እየጠበቀን ነው» እያለ ያቻኮለው ሌላ ሰው አለ።

ይህ ጉዳይ እኛን ወሎዬዎችን በቅርብ ይመለከተናል። ክረምት የደሴው ጦሳ ተራራ በእኩለ ቀን በጉም ሲሰወር፣ ከአፋር ቆላ የሚነሣው እርጥብ አየር ተረተሩን ሽቅብ ሲወጣ ጉም ሆኖ መንገድ ሲያጠፋ እያየን አድገናል። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከከተማዋ አቅራቢያ ያለው አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4200 ሜትር ያልፋል። ሲጠራ ለዓይን የሚያጠግበው ይህ ልዩነት ሲጋረድ ግድግዳ ይሆናል።

አደጋው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሳይበላሽ፣ ክንፉም ሳይሰበር ነው። በዓይኑ እያየ ሊበር የተነሣ አብራሪ ጉም ያጋጥመዋል፤ «ትንሽ ወደፊት ይገለጥ ይሆናል» ብሎ ከጉሙ ሥር ዝቅ ብሎ ሸለቆውን ይከተላል። ሸለቆው ይጠብባል፤ ወለሉም ከፍ እያለ ይመጣል። ዞሮ ለመመለስ ስፋት ያንሳል። ልውጣ ቢል 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ። ተራራ ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ ሲሆን፣ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ግን የላቸውም። እንግዲህ ያ አብራሪ ሊድን የሚችለው ገና መሬት ላይ ሳለ ነበር።

የአሜሪካው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን አስታውሳለሁ። በ1977ቱ ረኀብ ኮረም ላይ ወገናችን ሲረግፍ፣ በአገራቸው ምክር ቤት የረኀብ ጉዳይ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ ወደሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው በመጥፎ አየር ውስጥ ከተራራ ጋር ተላተመ፤ አብረዋቸው የነበሩት ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ሁሉ ሞቱ። ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች ጭምር ሲፈልጉ ሰንብተው። ዛሬ ከአውሮፕላን ወደ ሳተላይት የሚልክ የአደጋ ምልክት መስጫ አለ። ሆኖም ምልክቱ ቢደርስም በደጋው ጭቃ ቀድሞ የሚደርሰው ቃሬዛ የያዘ ገበሬ ነው። ለማን እንደሚደውል፣ የተጎዳን ሰው እንዴት እንደሚያነሣ ያስተማረው ግን አለ? በወሎዎቹ ላስታ፣ ዋድላና ቦረና ውስጥ ይህ በየቀበሌው ሊሰጥ የሚገባ ትምህርት ነው።

ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ኮምቦልቻ የሚደረግ በረራ ሲሰረዝ የሚሰማው ቁጣም ያሳስበኛል። የሚንገላታው መንገደኛ ቅሬታው እውነት ነው፤ ማደሪያና ምግብ ይገባዋል፣ ደመናው ምን ያህል እንደወረደ በግልጽ ሊነገረውም ይገባል። ውሳኔው ግን የአብራሪው ነው። በዓል ላይ ሊገኝ የቸኮለ ባለሥልጣን፣ ዕቃ ሊያደርስ የቸኮለ ድርጅት ወይም ገንዘቡን የከፈለ ነጋዴ አብራሪውን ደውሎ አይለምነው፤ አለቃውም በዚያ ውሳኔ ከደመወዙ አይቁረጥበት።