ማስተካከያ፦ ቦርከና ወንዝ ሎጎ ሐይቅ አይገባም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ የተዘዋወረ አንድ መልእክት «የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በቦርከና በኩል ሎጎ ሐይቅ ገብቶ ዓሣውን እየፈጀ ነው» ይላል። ይህ ይታረም። ቦርከና ከደሴ ወደ ደቡብ ወርዶ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ያልፍና ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። የፍሳሹ ጣጣ የሚያሰጋው በወንዙ መስኖ የሚያለሙትን የታች ገበሬዎች ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ሎጎ ግን ከደሴ በስተሰሜን ነው፤ መውጫም የለውም። ዝናብ ከማሳ ጠርጎ ያመጣው አፈርና ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። የማዳበሪያው ትልቁ ጉዳት ዓሣውን በቀጥታ መመረዙ አይደለም። አልጌውን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚያድገውን አረንጓዴ ነገር፣ ያፋፋዋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ያኔ ዓሣው ይታፈናል። ዓይነ ጠባብ መረብም ዓሣውን ገና ሳይራባ ያወጣዋል።